ሞስኮ 1662፦ ደሞዝ በመዳብ፣ ግብር በብር

ይህን ጉዳይ ለምን እጽፈዋለሁ

የገንዘብ መውደቅ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠቅሰው የጀርመንን 1923 ወይም የዚምባብዌን 2008 ነው። ሁለቱም የወረቀት ገንዘብ ታሪኮች ናቸው። ስለዚህ «ወረቀት ስለሆነ ነው የወደቀው» ብሎ ለመገላገል ይመቻል። እኔን ይበልጥ የሚያስተምረኝ ግን የአንዲት የመዳብ ሳንቲም ጉዳይ ነው። ክብደቷ ግማሽ ግራም አይሞላም። ቅርጿ የዓሣ ቅርፊት ነው። ላይዋ ላይ ጦር የያዘ ፈረሰኛ አለ። በ1655 ወጣች፣ በ1663 ተሻረች። በመሃሉ ሞስኮ ላይ ደም ፈሰሰ።

ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ቀኖቹ ደግሞ ያኔ ሩሲያ በምትጠቀምበት በዩልዮስ አቆጣጠር ናቸው። ከዛሮቹ በቀር ሰዎቹን በስም አልጠራም፤ በሥራቸው እጠራቸዋለሁ። ሌላም አንድ ነገር፦ እዚህ «ብር» ስል ማዕድኑን ማለቴ ነው። እኛ የገንዘባችንን ስም ከማዕድኑ ስለወሰድን ይህን አለመናገር ያምታታል።

ከመዳቡ በፊት

በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሩሲያ የራሷ የብር ማዕድን አልነበራትም። ብሩ የሚመጣው ከምዕራብ አውሮፓ፣ በአርካንግልስክ ወደብ በኩል፣ በትልልቅ የታለር ሳንቲሞች መልክ ነበር። ታለር ስሙን ያገኘው በቦሄሚያ ካለው ከዮአኪምስታል ሸለቆ ነው። ሩሲያውያን «የፊሞክ» ይሉት ነበር። ማርያ ቴሬዛን፣ ማለትም ጠገራ ብርን፣ ከአያቶቹ ሣጥን ያየ አንባቢ የዚሁን ዘመድ አይቷል።

ግምጃ ቤቱ አንዱን ታለር በ50 ኮፔክ፣ ማለትም በ50 የሩሲያ ትንንሽ የብር ሳንቲሞች፣ ሒሳብ ይወስዳል። አቅልጦ ቀጭን ሽቦ ያደርገዋል። ሽቦው ይቆረጣል፣ ይጠፈጠፋል፣ በሁለት ማሕተም መሃል በመዶሻ ይመታል። ከአንድ ታለር 64 ኮፔክ ይወጣል። አሥራ አራቷ ኮፔክ የመንግሥት ትርፍ ናት።

የሚገርመው፣ ያኔ በእጅ የሚያዝ ሩብል የሚባል ነገር አልነበረም። ሩብል የሒሳብ ቃል ብቻ ነበር፤ መቶ ኮፔክ ማለት ነው። ገበያው ላይ ያሉት ሳንቲሞች ኮፔክ፣ ግማሿና ሩቧ ብቻ ናቸው። ሺህ ሩብል የሚከፍል ነጋዴ መቶ ሺህ ቅርፊት ይቆጥራል ማለት ነው። ጣቱ ይመስክር።

በ1654 ዛር አሌክሲ ሚካይሎቪች በዩክሬን ጉዳይ ከፖላንድ ጋር ጦርነት ገባ። በዚያው ዓመት ሞስኮን ወረርሽኝ መታት። በ1656 ደግሞ ከስዊድን ጋር ሌላ ግንባር ተከፈተ። ወታደር ደሞዝ ይፈልጋል። ደሞዝ ብር ይፈልጋል። ብሩ የሚመጣው ደግሞ በባሕር ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ

መንግሥት በ1654 ዘዴ ዘየደ። ታለሩን ማቅለጥ ትቶ ላዩ ላይ አዲስ ማሕተም መታበትና «ሩብል» አለው። 64 ኮፔክ የሚያወጣው ብር በአንድ ጊዜ መቶ ሆነ። ዓመቱም ተቀርጾበታል፣ 7162። እነሱም እንደ እኛ ከዓለም ፍጥረት ጀምረው ይቆጥሩ ነበር፤ ቁጥሩ ብቻ ይለያያል። ሌላውን ታለር ደግሞ አራት ቦታ ቆራረጡትና እያንዳንዱን ቁራጭ 25 ኮፔክ አሉት። ሦስተኛው ዓይነት ከመዳብ የተሠራ የግማሽ ሩብል ሳንቲም ነበር።

ይህ በሁለት በኩል ከሸፈ። ትልቅ ሳንቲም የመምታት ልምዱም መሣሪያውም ስላልነበራቸው ሥራው ተንቀራፈፈ። ሕዝቡም ሚዛን አለው። 64 የሚያወጣ ነገር በመቶ ሲሰጡት ገልመጥ አድርጎ አየው።

በ1655 ሙከራው ተቋረጠ። ታለሩ እንዳለ ቀረና የኮፔክ ማሕተምና የዓመቱ ቁጥር ብቻ ተመታበት። ዋጋውም 64 ኮፔክ ተባለ፣ ልክ የሚያወጣውን ያህል። ይህኛው ያለ ጫጫታ ሠራ። ጫጫታ ስላልነበረውም ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ዘለውት ያልፋሉ። እኔ ግን ልብ እንድትሉት እፈልጋለሁ። ያው መንግሥት፣ በዚያው ዓመት፣ ሐቀኛ ገንዘብ ማውጣት ይችል ነበር፤ አውጥቶም ነበር።

ቀይዋ ኮፔክ

ችግሩ ሐቀኛ ገንዘብ ትርፉ ትንሽ መሆኑ ነው። ጦርነቱ ደግሞ ትንሽ አይበቃውም። በዚያው በ1655 የመዳብ ኮፔክ መውጣት ጀመረች። በመጠን፣ በክብደት፣ በፈረሰኛው ምስል ከብሯ ጋር አንድ ናት። የሚለያቸው ቀለማቸው ብቻ ነው። አዋጁ ሁለቱ እኩል ናቸው አለ።

ሒሳቡን እንየው። አንድ የሩሲያ ፓውንድ፣ ማለትም 410 ግራም ገደማ፣ መዳብ በገበያ 12 ኮፔክ ያወጣ ነበር። ከእሱ ወደ አሥር ሩብል የሚጠጋ፣ ማለትም አንድ ሺህ ገደማ የመዳብ ኮፔክ ይመታል። ከሰማንያ እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ትርፍ ያየ ግምጃ ቤት ማቆሚያውን ያገኘዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። «ሕዝቡ መዳብን አላመነም» ይባላል። ውሸት ነው። ሕዝቡ መዳቡን ሦስት ዓመት ያህል ተቀብሎታል። እስከ 1658 ድረስ ቀይዋና ነጯ ኮፔክ ገበያ ላይ ጎን ለጎን፣ እኩል ሄዱ። በ1659 መጀመሪያ እንኳ ለመቶ የብር ኮፔክ የሚጠየቀው 104 የመዳብ ኮፔክ ነበር። አራት በመቶ ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ የመውደቁን ምክንያት ከማዕድኑ ውጪ መፈለግ አለብን።

የተሰበረበት ቦታ

እኔ መልሱን የማገኘው በሁለት መስኮቶች ላይ ነው። አንዱ መንግሥት የሚከፍልበት መስኮት ነው። ወታደሩ፣ ጸሐፊው፣ አቅራቢው ደሞዙንና ሒሳቡን እዚያ በመዳብ ይቀበላል። ሁለተኛው መንግሥት የሚቀበልበት መስኮት ነው። ግብርና ቀረጥ እዚያ የሚከፈለው በብር ነው። መዳብ ወጣ፣ አልተመለሰም። ብር ገባ፣ አልወጣም።

ይህን በአንድ ሰው ኪስ እንየው። ለማስረዳት ያህል፣ ወታደሩ መቶ የመዳብ ኮፔክ ደሞዝ አለው እንበል። ቤተሰቡ አሥር የብር ኮፔክ ግብር አለበት። በ1658 አሥር መዳብ ሰጥቶ አሥር ብር ያገኛል፤ ዘጠና ይተርፈዋል። በ1662 ጸደይ አንድ ብር አራት መዳብ ገደማ ሆነ፤ ለግብሩ አርባ ወጣ። በዚያው ዓመት መኸር ስምንት ገደማ ሆነ፤ ሰማንያ ወጣ። በ1663 በጋ አሥራ አምስት ደረሰ። ለግብሩ ብቻ 150 መዳብ ያስፈልገዋል። ደሞዙ ግን ያው መቶ ነው። ዳቦ ገና አልገዛም።

ዳቦውም በቀላሉ አይገኝም። ገበሬው እህሉን ከተማ አምጥቶ በቀይ ኮፔክ መሸጥ አልፈለገም። የእሱም ግብር አለ። ዩክሬን ውስጥ ደግሞ የአካባቢው ሰው የመዳብ ገንዘቡን አልቀበልም ስላለ፣ የዛሩ ወታደር ኪሱ ሙሉ ሆኖ ሆዱ ባዶ ሆነ። እኛ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የምንለው ኪሳችን ባዶ ሲሆን ነው። እነዚህ ወታደሮች ግን ቤሳ ሞልቷቸው ነው የተራቡት።

በዚህ መሃል ሳንቲም የሚመቱት መቅረጫ ቤቶች ሥራቸውን አላቆሙም። ሞስኮ፣ ኖቭጎሮድ፣ ፕስኮቭ ሁሉም ይመታሉ።

እውነተኛ ፎርጅድ

ስለዚህ ክፍል ብዙ የምናውቀው ከአንድ የመንግሥት ጸሐፊ ነው። ሰውየው በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። በ1664 ከአገር ኮበለለ፣ ስዊድን ገባ፣ ያየውን እዚያ ጻፈ፤ በ1667 የተከራየበትን ቤት ባለቤት ገድሎ ስቶክሆልም ላይ በሞት ተቀጣ። ከጠላት አገር ተቀምጦ የጻፈ ስለሆነ ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ነው የምወስደው። የዓይን ምስክርነቱ ግን ሌላ ቦታ የማይገኝ ነው።

እሱ እንደሚለው፣ በመቅረጫ ቤት የሚሠሩት ባለሙያዎች ከመዳቡ በፊት እንደማንኛውም ድሃ ሰው ይኖሩ ነበር። መዳቡ ከመጣ በኋላ የድንጋይና የእንጨት ቤት አሠሩ። ሚስቶቻቸው እንደ መሳፍንት ሚስቶች ለበሱ። ገበያ ሲወጡ ዋጋ አይከራከሩም። ጎረቤት ሁሉ አየ፣ ሁሉም ገባው።

ዘዴው ቀላል ነበር። ሰውየው የራሱን መዳብ ገዝቶ መቅረጫ ቤት ይዞ ይገባል። በመንግሥት ማሕተም፣ በመንግሥት መዶሻ ይመታና ይወጣል። ይህን ገንዘብ ከእውነተኛው በምን ትለየዋለህ? በምንም። ሌሎች ደግሞ ማሕተም እየሠሩ በየጓዳቸው መቱ። ብር ብርቅ ነው፤ መዳብ ግን ድስትም ነው፣ ሰታቴም ነው።

ሕጉ ጨካኝ ነበር። በ1649ኙ ሕግ የሐሰተኛ ገንዘብ ቅጣት የቀለጠ ብረት ጉሮሮ ውስጥ ማፍሰስ ነው። በኋላ እጅ መቁረጥ መጣ፤ የተቆረጠውም እጅ በመቅረጫ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይቸነከር ነበር። ግን ሀብታሙ ጉቦ ሰጥቶ ይወጣል። በከተማው የዛሩ አማት ራሳቸው እጃቸው አለበት ተብሎ ይወራ ነበር። ዛሩ ትንሹን ቀጣ፣ ትልቁን ተቆጣ። ሰማንያ እጥፍ ትርፍ ባለበት የተቸነከረ እጅ ማንንም አላስቆመም።

ጁላይ 25 ቀን 1662

ጠዋት ላይ ሞስኮ ውስጥ፣ ሉቢያንካ አካባቢ፣ የተለጠፉ ወረቀቶች ተገኙ። የዛሩን አማት፣ ሌሎች ባለሥልጣናትንና አንድ ትልቅ ነጋዴን ከሃዲ ይላሉ። ነጋዴው የተጠላው በከተማው የተጣለውን ልዩ ግብር ስለሚሰበስብ ነው። ሕዝቡ ተሰብስቦ ወረቀቱን ድምፅ አውጥቶ አስነበበ። ከዚያ ሰልፉ ዛሩ ወዳለበት ወደ ኮሎመንስኮዬ መንደር ሄደ።

ዛሩ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ነበር። ተፈላጊዎቹን ባለሥልጣናት በንግሥቲቱ ክፍል እንዲደበቁ አዘዘና ወጣ። ሰዎቹ ከበቡት። ልብሱን ያዙት፣ ቁልፉን ሳይቀር። ምርመራ እንደሚያደርግ ሲነግራቸው «ምኑን እንመን?» አሉት። በእግዚአብሔር ስም ማለላቸው። እጁን ዘረጋ። ከሰልፈኞቹ አንዱ ከዛሩ ጋር መዳፍ ለመዳፍ ተመታታ፣ ልክ በሬ እንደሚሸጥና እንደሚገዛ ሰው። በዚያ ዘመን የሩሲያ ዛር ከሕዝብ ጋር እንዲህ አይጨባበጥም። ሰዎቹም ተመልሰው ወደ ከተማ መንገድ ጀመሩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ግን ከተማ የቀረው ሌላው ቡድን የነጋዴውን ቤት ዘርፎ፣ የገበሬ ልብስ ለብሶ ሊያመልጥ የነበረውን የአሥራ አምስት ዓመት ልጁን ይዞ እየመጣ ነበር። ሁለቱ ሰልፎች መንገድ ላይ ተገናኙና አብረው ተመለሱ። በዚህ መሃል የዛሩ ጠመንጃ ያዥ ወታደሮች ደርሰዋል። ሰልፈኛው አብዛኛው ባዶ እጁን ነበር። ብዙ ሰው በሞስኮ ወንዝ ሰጠመ፣ ብዙው ተሰቀለ። የቀረው በየሩቁ ተጋዘ፣ ጉንጩ ላይ «አመፀኛ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል በጋለ ብረት እየታተመበት።

አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አይወጣም። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው ለማወቅ፣ ሞስኮ ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉ የእጅ ጽሑፉን ናሙና እንዲሰጥ ታዘዘ። ጸሐፊው አልተገኘም።

እንዴት ተዘጋ

ከአመፁ በኋላ መዳቡ ወዲያው አልተሻረም። አንድ ዓመት ገደማ ቀጠለ፣ ምንዛሪውም እየባሰ ሄደ። ለመሻር ብር ያስፈልጋል፣ ግምጃ ቤቱ ደግሞ በቂ ብር የለውም። ስለዚህ መንግሥት ሳብል የሚባለው የዱር እንስሳ ባለ ፀጉር ቆዳ፣ የተለፋ ቆዳ፣ ሞራና ከእንጨት አመድ የሚወጣው ፖታሽ ያሉባቸውን ስድስት ዓይነት የውጭ ንግድ ዕቃዎች ከነጋዴው ወስዶ በመዳብ ከፈለ። ከዚያ ለውጭ ነጋዴዎች በታለር ሸጠ። ነጋዴው አመረረ፤ ትክክልም ነበር። ግን ይህ እርምጃ ብር አስገብቷል።

በጁን 1663 አዋጁ ወጣ። የመዳብ መቅረጫዎቹ ተዘጉ፣ የብር ኮፔክ ተመለሰች፣ ደሞዝም በብር ሆነ። በሕዝቡ እጅ ያለው መዳብስ? ለአንድ የመዳብ ሩብል አምስት የብር ኮፔክ ተከፈለ፤ አንድ ኮፔክ ብቻ የተከፈለበትም ጊዜ አለ። መቶ ያስቀመጠ አምስት ተቀበለ ማለት ነው፣ ከቀናው።

የመዳብ ኮፔክ መያዝ ከተከለከለ በኋላም ሰው በቀላሉ አልተወውም። አንዳንዱ በሜርኩሪ አሽቶ፣ አንዳንዱ በቆርቆሮ ለብጦ ነጭ አስመስሎ ማስተላለፍ ጀመረ። መንግሥት ሌላ የማስፈራሪያ አዋጅ ማውጣት ነበረበት።

ለሌላ ጉዳይ የሚሆነው

ይህን ጉዳይ ለሌላ ቦታ ስጠቀምበት መጀመሪያ የምጠይቀው ገንዘቡ ከምን ተሠራ ብዬ አይደለም። አውጪው መልሶ ይቀበለዋል ወይ ነው የምለው። የገበያ ነጋዴው መዳቡን ማጣጣል የጀመረው ግብር ሰብሳቢው ካጣጣለው በኋላ ነው። ይህ ለሞስኮ ብቻ አይሠራም። ኩፖን የሚያወጣ ሱቅ፣ ነጥብ የሚሰጥ ድርጅት፣ ቦንድ የሚሸጥ መሥሪያ ቤት፣ የራሱን ወረቀት መስኮቱ ላይ እንዴት እንደሚቀበለው እዩ።

ሁለተኛው ስለ ጊዜ ነው። ሦስቱ ጥሩ ዓመታት ናቸው ክፉኛ የጎዱት። አንድ ነገር ሦስት ዓመት ያለ ችግር ሲሄድ «ይኸው ሠራ» ያሰኛል። በ1658 ማተሙን ቢያቆሙና መዳቡን ለግብር ቢቀበሉ ኖሮ፣ ዛሬ ይህን ጉዳይ የምናነሳው እንደ ብልህ የጦርነት ዘዴ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። በእርግጥ ይህ ግምቴ ነው፤ ጦርነቱ እስከ 1667 ዘልቋል፣ ገንዘብ ፈላጊውም አልቆመም።

ስለ ቅጣቱ አጭር ነገር ልበል። ወንጀሉ ሰማንያ እጥፍ ሲከፍል፣ የሚስተካከለው ትርፉ ነው። ሞስኮ ትርፉን ትታ እጅ ትቆርጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ

የዛሩ ልጅ፣ ታላቁ ጴጥሮስ፣ በ1700 መዳብን መልሶ አመጣ። ይህን ጊዜ ግን የጀመረው ከኮፔክ በታች ባሉ ዝርዝር ሳንቲሞች ነው። ከአንድ ፑድ መዳብ፣ ማለትም ከ16 ኪሎ ገደማ፣ 12 ሩብል ከ80 ኮፔክ መታ። አባቱ ከዚያው ፑድ 400 ሩብል ገደማ ያወጣ ነበር። የመዳብ ኮፔክ የመጣችው በ1704 ነው፣ ከብር ሩብል ጋር አብራ። የብር ቅርፊቷም እስከ 1718 አልተወገደችም፤ ሰው የሚሸሽበት ነገር ነበረው።

ግን እሱም ጦርነት ነበረበት። ከአንድ ፑድ የሚወጣው ወደ 20 ሩብል፣ በ1718 ደግሞ ወደ 40 አደገ። በ1723 በዚያው ልክ የአምስት ኮፔክ መዳብ ሲወጣ ፎርጅዱ እንደገና ጎረፈ። ይህን የመሰብሰቡ ዕዳ ለሴት ልጁ ለኤልሳቤጥ ቀረ። እሷ በአንድ አዋጅ አልሻረችውም። አምስት ኮፔኩ በ1744 አራት ተባለ፣ በ1745 ሦስት፣ በ1746 ሁለት።